ሁለት ብስክሌት በፖርቶመጋላ፦ የባሕር ዳር ጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ጥር 21 ቀን 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ

ዛሬ አስተርዮ ማርያም ናት። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ኮሮላዬ ጣሪያ ላይ ገመድ ስንጎትት አገኘን። «የት ልትጭኑ ነው?» ያላለ የለም። ባሕር ዳር ስንላቸው ይስቃሉ። ብስክሌት ወደ ባሕር ዳር መጫን ለእነሱ ጤፍ ወደ ጎጃም እንደመጫን ነው። አልተሳሳቱም። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ ተማሪው፣ አስተማሪው፣ ዳቦ አመላላሹ ሳይቀር በብስክሌት የሚሄድበት ከተማ ነው።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። አንደኛው ብስክሌት የአባቴ ፎኒክስ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ባሕር ዳር ሥራ ተመላልሶበታል። አባቴ ካረፈ በኋላ «ለመታሰቢያ» ብዬ በጭነት መኪና አዲስ አበባ አስመጣሁትና ስድስት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ዛገ። ማርሽ ለሌለው ብስክሌት አዲስ አበባ የምትሆን ከተማ አይደለችም፤ ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ለመድረስ እንኳ ወርዶ መግፋት ይጠይቃል። እማዬ በደወለች ቁጥር «የአባትህን ፈረስ አስረህ ገደልከው» ትለኛለች። ሁለተኛው የልጄ ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመቷን ስትደፍን የገዛሁላት ባለ ማርሽ ማውንቴን። እስከ ዛሬ ከሰፈራችን ኮብልስቶን ሌላ መንገድ አያውቅም። ለግማሽ ዓመት ዕረፍቷ ጣና ዳር አብረን እንደምንነዳ ቃል ገብቼላታለሁ።

ፖርቶመጋላው፣ ጣሪያው ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ ብረት፣ የወንድሜ ፈጠራ ነው። ኢንተርኔት ላይ ፈረንጆች ብስክሌታቸውን ጣሪያ ላይ አቁመው ሲሄዱ አየና ምናለሽ ተራ ወርዶ ለአንድ በያጅ በእጁ እየሣለ አስረዳው። የማውንቴኑ የፊት ጎማ ይወልቃል፤ ጎማውን ይዞ የነበረው ባላ ከፊት ባለው ብረት ላይ በብሎን ይታሰራል፤ የኋላ ጎማው ደግሞ እንደ ቦይ በታጠፈ ላሜራ ውስጥ ይቀመጣል። ለፎኒክሱ ይሄ አልሠራም። ዳዶዎቹ ከዝገቱ ጋር አንድ አካል ሆነዋል፤ ቁልፍ ቢገባ አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ ተገልብጦ በሴላውና በመሪው ቆመ፣ ሁለት ጎማዎቹን ወደ ሰማይ አድርጎ። ትልቅ ዝንብ በጀርባው የወደቀ ይመስል ነበር።

ስንጨርስ ሜትር አውጥቼ ለካሁ። ኮሮላዬ ብቻውን አንድ ሜትር ተኩል አይሞላም፤ አሁን ከመሬት እስከ ማውንቴኑ መሪ 2 ሜትር ከ60 ሆነ። ልጄ ከደብተሯ ወረቀት ቀደደችና «2.60» ብላ በትልቁ ጽፋ በፕላስተር ዳሽቦርዱ ላይ ለጠፈችው። ወንድሜ ሳቀባት። «እኛ አይሱዙ ነን እንዴ?» አለ።

ዓርብ፣ ጥር 22 ቀን። አዲስ አበባ – ደብረ ማርቆስ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አዲሱ ገበያን አልፈን የእንጦጦን ዳገት ተያያዝነው። ከፊት እኔና ወንድሜ፤ ከኋላ ልጄ፣ አምስት ኪሎ ቡናና ለእማዬ የገዛነው ወፍራም ብርድ ልብስ። ዳገቱ ላይ ሁሉም ሰላም ነበር፤ መኪናው መች ፈጠነና። የሱሉልታ ሜዳ ሲከፈትልን ግን ጣሪያው ላይ ድምፅ ተጀመረ። በ60 እንደ ንብ፣ 80 ስገባ እንደ እምቢልታ። ወንድሜ «ሬዲዮው ነው» አለ። ሬዲዮው ጠፍቷል።

ቆመን አየነው። ጠፍጣፋው ማሰሪያ፣ ቺንጋው ነበር፤ ነፋስ ሲያገኘው እንደ ክራር ጅማት ይርገበገባል። አንድ ጊዜ ጠምዘዝ አድርገን መልሰን ስናስረው ጸጥ አለ። ተማሪ ሳለሁ በአውቶብስ ስመላለስ ረዳቶቹ እንደዚያ ሲያደርጉ ሳላይ አልቀረሁም።

ድምፁ ጠፋ እንጂ ነፋሱ የት ይሄዳል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የነፋስ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህን ሃይስኩል ተምሬዋለሁ፣ የገባኝ ግን ዛሬ ነው። በ40 መኖሩ የማይሰማ ብስክሌት በ80 ከኋላ ሰው የያዘህ ያህል ይጎትታል። ነዳጅ ስረግጥ መኪናው ያቃስታል። ከፊት ለፊት ሲኖትራክ በመጣ ቁጥር ደግሞ የተለየ ነገር አለ። መጀመሪያ አየሩ ወደ ውጭ ይገፋሃል፣ ሳጥኑ ሲያልፍ መልሶ ወደ መሃል ይስብሃል። ባዶ ኮሮላ ይህን በመሪ ጫፍ ታስተካክለዋለህ። ከአናቱ ሁለት ብስክሌት የተሸከመ ግን ይወዛወዛል፤ የሚገፋው ነፋስ ጎማውን ሳይሆን ጭንቅላቱን ነው የሚመታው። ከጫንጮ በኋላ ከ60 በላይ አልነዳሁም። ቅጥቅጦቹ ጡሩምባ እየነፉ ጥለውን ሄዱ።

ወደ ደብረ ሊባኖስ መታጠፊያው አካባቢ ሸለቆውን ለማየት ቆምን። ዝንጀሮዎቹን የረሳሁት እኔ ነኝ። ልጄ ፎቶ ስታነሳ፣ እኛ ሻይ ስንል፣ አንድ ወጠምሻ ዝንጀሮ ኮፈኑ ላይ፣ ከኮፈኑ ጣሪያው ላይ ወጣና ማውንቴኑ ሴላ ላይ ጉብ አለ። እንደ ሰው። አንድ እጁን መሪው ላይ አሳርፎ ሸለቆውን ያይ ነበር። ልጄ እየሳቀች ሦስት ፎቶ አነሳች፤ አራተኛው ላይ የሴላውን ቆዳ በጥርሱ ቀደደና ስፖንጁን መመዥለጥ ያዘ። በድንጋይ አባረርነው። አንድ ቆሎ ሻጭ ልጅ «ሙዝ ነው የመሰለው» ብሎ አጽናናን። ሴላው ቢጫ ነበር፤ ለካ እሱም ወንጀል ነው።

ጎሐ ጽዮን አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። መንጃ ፈቃድ አልጠየቀም። ዙሪያውን ዞረ፣ ፎኒክሱን በአንድ ጣት ገፋ አደረገው። ፎኒክሱ እንደ ላላ ጥርስ ተነቃነቀ።

«ማታ ነው ያሰራችሁት?»

«አዎ።»

«ናይለን ገመድ ሌሊት የያዘውን ቀን አይይዝም። ፀሐይ ሲያገኘው ይለቃል። በዚህ ሁኔታ ዓባይን ልትወርዱ ነው?»

ቅጣት የጠበቅኩት ሰውዬ ጎሚስታ ቤት በእጁ ጠቆመኝ። ጎሚስታው አሮጌ የመኪና ከመነዳሪ በረጅሙ ተልትሎ በ20 ብር ሰጠን። ጎማው ራሱ እየጎተተ ስለሚይዝ ጭነቱ ሲንቀሳቀስ አብሮት ይለጠጣል፣ ሲመለስ አብሮት ይመለሳል። ናይለኑ እንደዚያ አያውቅም፤ ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል። ከምናለሽ ተራው ብረት ሁሉ በዚህ ጉዞ ያልከዳን ያ ጥቁር ጎማ ነው።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን መንገድ ጣሪያቸው ላይ ዕቃ ሳይኖር የሄዱ ሰዎች «ውብ ነው» ይላሉ። ውብ ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ መልሰህ ያንኑ ያህል ትወጣለህ፤ ከደጋው ብርድ በሃያ ኪሎ ሜትር ቆላ ትገባለህ። እኔ ግን ያየሁት የፊቴን አስፋልት ብቻ ነው። የተራራው አፈር ስለሚንሸራተት መንገዱ ቦታ ቦታ ላይ እንደ ታጠፈ ምንጣፍ ይሞገጋል፤ ጎማው በሞገዱ ባለፈ ቁጥር ከላይ ብረቱ «ቋ» ይላል። ፍሬን ስይዝ ጭነቱ ወደፊት መሄድ ይፈልጋል፤ ስታጠፍ ወደ ጎን። አርባ ኪሎ የማይሞላ ነገር ነው፤ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ኮሻ ውስጥ ቢሆን ትዝም አይለኝ ነበር። ከራስ በላይ ሲሆን ግን እንስራ ተሸክሞ እንደመሮጥ ነው። በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን እየቆጠብኩ፣ ከኋላዬ የተሰለፉትን መኪኖች በመስታወት እያየሁ ወረድኩ።

ታች ሙቀቱ ሌላ ነው። በጃፓን ድጋፍ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ነው፤ ያን ያህል ርቀት የቆላ ነፋስ ጎናችንን ሲመታን አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። ልጄ ስልኳን ስታወጣ ጥበቃው ከሩቅ እጁን አወዛወዘ፤ ፎቶ ክልክል ነው። መኪናው ውስጥ እንደ ምጣድ ስር ሞቀን። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ወረቀት ምን እንደሆነ ያን ሰዓት ማናችንም አላየንም።

ደጀን ሽሮ በልተን ብሎኖቹን ሳይ የማውንቴኑን ባላ የያዘው ዳዶ ግማሽ ዙር ተፈትቷል። ንዝረቱ ነው። አጠበቅሁት፤ ከዚያ ወዲያ በየሃምሳ ኪሎ ሜትሩ እየወረድኩ እነካካዋለሁ ብዬ ተማማልኩ። ሉማሜ ላይ ነካሁት። ሜዳው ላይ መንገዱ ቀና፤ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ደብረ ማርቆስ ስንገባ የቤንዚኑ መርፌ ከወትሮው በብዙ ወርዶ ነበር፤ እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ዓባይን ተሻግረናል። ከዚህ ወዲያ ምን ይመጣል?

የመጣው የሆቴል በር ነው።

መሽቷል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይን አልፈን አንድ ደህና የሚመስል ሆቴል አገኘን። ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና መሃል ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ይጠራኝ ጀመር። «ና! ና! ይበቃሃል! ትንሽ ወደ ግራ! ና!» ልጄ ተኝታለች። ወንድሜ እማዬን በስልክ «ደብረ ማርቆስ ገባን፣ ሰላም ነን» እያላት ነው። ዘበኛው የሚያየው ጎኖቹን ነው፤ እኔ የማየው መስታወቶቹን። ወደ ላይ ያየ አንድም ነፍስ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ስለ ጣሪያው ስጨነቅ ውዬ፣ የሚያሳስበኝ ሁሉ ያለቀ ሲመስለኝ ኮሮላዬ በሐሳቤ ተመልሶ አንድ ሜትር ተኩል ሆነ።

መጀመሪያ ጓ አለ። ከዚያ ብረት በብረት ላይ ሲፋቅ፣ ከዚያ ከላይ የሆነ ነገር ኮፈኑ ላይ ዱብ። ከበሩ በላይ የሆቴሉን ስም የተሸከመ አግዳሚ ብረት ነበር፤ የማውንቴኑ መሪ እሱን ያዘ። እኔ በአንደኛ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ ነበር የምሄደው። ይበቃል። ባላው ከታች በብሎን ታስሯል፣ ከላይ መሪው ተይዟል፣ መኪናው ወደፊት ይገፋል። ሚስማር መንቀያ ማለት ይሄው አይደል? ባላው ተጠመዘዘ፤ የፖርቶመጋላው የፊት እግሮች ከጣሪያው ጠርዝ ተፈልቅቀው ተነሡ፤ የኋላ እግሮቹ ደግሞ ላሜራው ውስጥ ሰመጡ። ጣሪያው አሁን እንደ ወጥ ሳህን ነው። ከማስታወቂያው ላይ «ሆ» ወድቃ «ቴል» ብቻ ቀረች።

ወደፊት አይሄድ፣ ወደ ኋላ አይመለስ። ተወትፈናል። ከውስጥ ግማሽ ሆቴሉ ቢራውን እንደያዘ ወጣ። ሁሉም መካሪ ነው። አንዱ ብረቱን እንቁረጠው ይላል፣ አንዱ መኪናውን በኃይል ሳበው ይላል። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ግን ምንም ሳይል ጎማዬ አጠገብ ቁጢጥ አለና ነፋሱን መልቀቅ ጀመረ። አራቱንም። መኪናው ቀስ እያለ ተቀመጠ፤ ላይኛው ብረትና መሪው መሃል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተገኘ፤ ስድስት ሰው ገፍቶ አወጣን። ሰውየው እጁን አራግፎ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ምስጋናዬን እንኳ በወጉ አልተቀበለኝም።

ሥራ አስኪያጁ ለማስታወቂያው 1500 ብር አለ። ወንድሜ «ግባ ያለን ዘበኛህ ነው፤ እሱን ጠይቅ» አለው። ዘበኛው ቆቡን አውልቆ ወደፊት ወጣ።

«እኔ መኪናውን ነው ግባ ያልኩት፤ ብስክሌቱን አላልኩም!»

ሕዝቡ ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ መጣላት አልተቻለም። ሁለት አዛውንት ሽማግሌ ሆነው በ600 ብር ታረቅን። ልጄ ብስክሌቷን አንድ ጊዜ አይታ ወደ ክፍሏ ገባች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ያ ነው የከበደኝ። ሻንጣ ላወጣ ስጎነበስ «2.60» የምትለዋን ወረቀት ከወንበሬ ስር አገኘኋት። የዓባይ ሙቀት ፕላስተሩን አላቆታል።

ፎኒክሱስ? ምንም። ፔዳሉ ቀለም ተፋቀ እንዳልል ቀለም ካጣ ቆይቷል።

ቅዳሜ፣ ጥር 23 ቀን። ደብረ ማርቆስ – ባሕር ዳር

ጠዋት በያጅ ፍለጋ ወጣሁ። ሁለቱ ዘግተዋል። ሦስተኛው ሱቁ ደጃፍ ላይ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጦ «ዛሬ ጊዮርጊስ ነው፤ እሳት አልነካም» አለኝና እሱ ራሱ የሙስሊም ጎረቤቱን ሱቅ አሳየኝ። እሳቸው ከፖርቶመጋላው ላይ የወንድሜን ፈጠራ በሙሉ ቆርጠው ጣሉ፤ ማቆሚያውንም ቦዩንም። ጠፍጣፋ አልጋ ብቻ ቀረ። ወንድሜ ሲቆረጥ ቆሞ አየ፤ የሚቀበር ዘመድ ያለው ይመስል ነበር። ጣሪያውን ከውስጥ በእንጨት መዶሻ አንኳኩተው ትንሽ አቀኑልኝ። ቀለሙ ረግፏል፤ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ካላስቀባሁት ዝገቱ እንደሚበላው ነገሩኝ።

ለጭነቱ መናኸሪያ ሄድን። ሁለት ጫኞች መጥተው ነገሩን ሲያዩ ሥራቸውን ትተው ያዳምጡን ጀመር። የትናንቱን ታሪክ ስንነግራቸው ትልቁ ራሱን ነቀነቀ።

«ቆሞ የሚሄድ ዕቃ የለም ጋሼ። ዶሮ እንኳ ታስራ ተኝታ ነው የምትሄደው።»

ከዚያ ያስተማሩንን ለመጻፍ ያህል፦ ፔዳሎቹ ይወልቃሉ። ወንድሜ የግራውን ለመፍታት ላቡ እስኪንጠባጠብ ታገለ፤ የግራ ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው እንደሆነ ጫኙ ሲነግረው ሰዓት ሙሉ ሲያጠብቀው እንደነበር ገባው። መሪው ተፈትቶ ከአካሉ ጋር ትይዩ ይዞራል፤ ከዚያ ብስክሌቱ እንደ ዓሣ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከባዱ ፎኒክስ ከታች ይተኛል፣ ማውንቴኑ ከላይ፤ ካቴናው የሚተኛበት ጎን ወደ ላይ። በመሃላቸው የሚገባ ወፍራም ነገር ያስፈልጋል። ያለን አንድ ወፍራም ነገር የእማዬ ብርድ ልብስ ነው። ከፌስታሉ ሲወጣ ልጄ ዓይኗን ጨፈነች። ገመድ የጎማው ቀጭን ሽቦ፣ ራጂው ላይ አያርፍም፤ ይሰብረዋል። የሚታሰረው ዋናው አካል ላይ ነው፣ አራት ቦታ፣ ከላይ የከመነዳሪ ትልታይ። በላዩ ላስቲክ ሸፈኑበት። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ፤ ሁለት ሜትር አይሞላም። 60 ብር ከፈልኩ፤ በዚህ ጉዞ ካወጣሁት ሁሉ ያላስቆጨኝ እሱ ነው።

ደንበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ። 80 ስነዳ እንኳ እንደ ትናንቱ አይጎትትም። መንደር ስንደርስ ከመንገድ በላይ የተሰቀለ ሽቦም ቢሆን፣ የተንጠለጠለ ባነርም ቢሆን ሳይ እግሬ ራሱ ፍሬን ይይዛል። ከመንገዱ በላይ አሥር ሜትር ያለ ሽቦ! ወንድሜ ይስቃል፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

እንጅባራ ስንቃረብ መንገዱ በፈረስ ተሞላ። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል መሆኑን አንዳችንም አላሰብነውም። ከየወረዳው የመጡ ፈረሰኞች በቀለማት ክር ያጌጡ ፈረሶቻቸውን ይዘው ከጉግሱ ይመለሳሉ። ልጄ ከትናንት ማታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች፤ በመስኮት ወጥታ ልትቀር ምንም አልቀራት። በሰው እርምጃ እየሄድን ሳለ የላስቲኩ አንድ ጫፍ ከገመዱ ሾልኮ ነፋስ ገባበትና ጠሽ ጠሽ ይል ጀመር። አጠገባችን የነበረ ዳማ ፈረስ ጆሮውን አቆመ፣ በኋላ እግሩ ቆመ፣ ሰው ተበታተነ። ጌታው እንደ ሙጫ ተጣብቆ ባይቀር ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም። ፈረሱን አረጋግቶ፣ ዞሮ መጥቶ፣ በመስኮቴ በኩል በለንጋው ወደ ጣሪያው እየጠቆመ፣

«ላስቲክህን እሰር! ከብት እንኳ ጅራቱን ይይዛል!» አለኝ።

ወርጄ አሰርኩት። እሱም ከፈረሱ ሳይወርድ አንድ ጫፍ ያዘልኝ። ከሥር ምን እንዳለ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ብስክሌት? ለእሱ መኪና ላይ የሚጫን መጓጓዣ ግራ የገባ ነገር ነው። «ታዲያ እናንተ ትሸከሙታላችሁ እንጂ እሱ መች ተሸከማችሁ?» አለና ሄደ። መልስ አልነበረኝም።

ዳንግላን በመሸ ሰዓት አልፈን፣ መራዊ ላይ ሳንቆም፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ባሕር ዳር ገባን። የእናቴ ግቢ በር ላይ ቆርቆሮ ክዳን አለ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የገባሁበት በር ነው፤ ከትናንት በፊት ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ እገባ ነበር። አሁን በሩ ፊት ቆሜ ሞተር አጠፋሁ። እማዬ በእልልታ ወጣች።

«ግባ እንጂ! ምነው?»

«ልለካ ነው እማዬ።»

«ምኑን?»

«በሩን።»

ዝም ብላ አየችኝ። ወደ ወንድሜ ዞረችና «ታሟል እንዴ?» አለችው። በሩ ሁለት ሜትር ከ30 ነው፤ ይበቃል፤ ቢሆንም ወንድሜን ጣሪያውን እንዲያይ አቁሜ በጥፍሬ ገባሁ። ብርድ ልብሷን ከሁለቱ ብስክሌቶች መሃል ስንስብ ግሪሱ መሃሉን እንደ ካርታ ሥሎታል። እማዬ በእጇ ዳበስ አደረገችው። ከዚያ ፎኒክሱን አየች፤ ብርድ ልብሱን ረሳችው።

እሑድ፣ ጥር 24 ቀን። ባሕር ዳር

ሰፈራችን ዋርካ ሥር አንድ ብስክሌት ጠጋኝ አለ። እኔ ልጅ ሳለሁም እዚያው ዛፍ ሥር ጠጋኝ ነበር፤ ይሄኛው የዚያ ልጅ ነው። የማውንቴኑን ባላ እያገላበጠ አየና «ይሄ አሉሚኒየም ነው፤ አይቀናም። ብረት ቢሆን አቀናልህ ነበር። ይሄን ባቀናው አንድ ቀን ሳታስበው ቁልቁለት ላይ ይሰበራል» አለኝ። ከተሰቀሉት አሮጌ ዕቃዎች መሃል አንድ ጥቁር የብረት ባላ አወረደ። ቢጫ ብስክሌት በጥቁር እግር። ለነገ ቀጠረን።

ለፎኒክሱ ግን ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ነዳጅ ዳዶዎቹ ላይ አፍስሶ ቁርስ በላ፤ ሲመለስ ፈታቸው። አምስት ራጂ ቀየረ፣ ቸርኬውን አሽከርክሮ በጠመኔ እየነካ አቀናው፣ ካቴናውን ዘይት አጠጣው። አሥር ሰዓት ላይ ልጄ ወጣችበት። አግዳሚው ረጅም ነውና ሴላው ላይ ስትቀመጥ እግሯ ፔዳሉን የሚያገኘው ግማሹን መንገድ ብቻ ነው፤ ቆማ ነዳች። እኔ ከአክስቴ ልጅ በተዋስኩት ብስክሌት ከኋላዋ። ዘንባባዎቹን አልፈን፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግረን፣ ወደ ቤዛዊት። ዳገቱ ላይ ሁለታችንም ወርደን ገፋን። ከላይ ሆነን ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ አየነው፤ ትናንት ወዲያ ያን ሁሉ ገደል የቆፈረው ውሃ እዚህ ዝም ብሎ የተኛ ነው። ልጄ የዝንጀሮውን ፎቶ ለጓደኞቿ እንደላከች ነገረችኝ። ስትስቅ ዓርብ ማታ የተበደርኩት ዕዳ በግማሽ የተከፈለ መሰለኝ።

ስትወርድ ፍሬኑን እስክትለምደው አልተነፈስኩም። የፎኒክስ ፍሬን በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ ነው የሚሠራው፤ አባቴ ሲመጣ ገና ከመንገዱ ጫፍ በፍሬኑ ድምፅ ነበር የምናውቀው። ግቢ ስንደርስ እማዬ በር ላይ ቆማለች።

«ሰማሁት» አለች።

ማክሰኞ፣ ጥር 26 ቀን። መልስ

ፎኒክሱ ቀርቷል። ማውንቴኑን ወንድሜ መልሶ ጣሪያው ላይ ሊጭነው ገመድ ሲፈታ ቀማሁት። ሁለት ጎማው ኮሻ ውስጥ ገባ፤ አካሉ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ከልጄ ጎን፣ ራሱን በሻሽ ተጠምጥሞ እንደ ሦስተኛ ተሳፋሪ ተቀመጠ። መሪው ጎኗን እየወጋት እስከ ቡሬ ተነጫነጨች፤ ከዚያ ተደግፋው ተኛች። ባዶው ፖርቶመጋላ መንገዱን ሙሉ ሲያፏጭ ሄደ። ምን ጠምዝዤ ላስቁመው? የሚጠመዘዝ ነገር የለውም።

ደብረ ማርቆስ በመሸ ጊዜ ደረስን። ሌላ ሆቴል መፈለግ ነበረብን፣ ግን ያ ሾፌር ካለ አንድ ቢራ ልጋብዘው ብዬ ወደዚያው ታጠፍኩ። «ሆ» ወደ ቦታዋ ተመልሳለች፤ አግዳሚውንም ከፍ አድርገው በይደውታል። ዘበኛው የመኪናዬን መብራት ሲያይ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣና ሁለት እጁን ዘርግቶ በሩ መሃል ቆመ።

«ቁም!»

ቆምኩ። መጣ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያውን አየ፤ ወደ ግራ ዞሮ አየ፣ ወደ ቀኝ ዞሮ አየ። ባዶ ነው። በእጁ ዳሰሰው። ከዚያ ወደ ኋላ በሰፊው ተራመደና በክብር እጁን ወደ ውስጥ ዘረጋ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ገባሁ።